ፑሚላና ሉቴሴንስን ማዳቀል፦ ልጆቻቸው ለምን ፍሬ አይዙም?

ጥያቄው ስለ ባለጢም አይሪስ፣ ማለትም በተንጠለጠሉት ቅጠለ አበባዎቹ ላይ ጢም መሰል ጠጉር ስላለው የአትክልት አበባ ነው፤ በአጭሩም ይህ ነው፦ «ፑሚላ ተብሎ የተሰጠኝ ድንክ ባለጢም አይሪስ፣ ቢጫ ሉቴሴንስ እና ረጃጅም ባለጢም አይሪሶች አሉኝ። ሁለቱን ድንኮች አዳቀልኳቸው፤ ጥቂት ዘር አገኘሁ፣ ከዘሩ የበቀሉትም አበቡ። እነሱን እርስ በርስ ሳዳቅል ግን ፍሬ አይዙም። ምን አጠፋሁ? አንዱን ዝርያ ከሌላውስ በምን እለያለሁ?»

ያጠፉት ነገር የለም። የከለከለዎት የክሮሞሶም፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ውርስን የሚሸከሙት ክሮች፣ ቁጥር ነው። ሁለቱ ወላጆች በእርግጥ ፑሚላና ሉቴሴንስ ከሆኑ ልጆቻቸው ዘር አለመቋጠራቸው የሚጠበቅ ነው። «ከሆኑ» ያልኩት በምክንያት ነው። ከአትክልተኛ ወደ አትክልተኛ «ፑሚላ» እየተባለ የሚተላለፈው ድንክ አይሪስ ብዙ ጊዜ ራሱ ሉቴሴንስ ወይም ከሉቴሴንስ የተገኘ አሮጌ የአትክልት ዓይነት ነው። የእርስዎ ዲቃሎች መምከናቸው ግን አንድ ነገር ይጠቁማል፤ ሁለቱም ንጹሕ ሉቴሴንስ ቢሆኑ ኖሮ ልጆቻቸው ያለ ችግር ያፈሩ ነበር። ስለዚህ «ፑሚላ» የተባለው እውነተኛ ፑሚላ ነው፣ አለዚያም ራሱ ዲቃላ ነው። ይህን የሚለዩት አበባውን ሰንጥቀው በማየት ነው።

በቀለም ለመለየት አይሞክሩ። ፑሚላም ሉቴሴንስም ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ነጭና በመካከል ያሉ ቀለሞች አሏቸው። መታየት ያለበት ዘር የሚቋጠርበት እብጥ ክፍል፣ ማለትም የአበባው ማህፀን፣ የት እንደተቀመጠ ነው። ፑሚላ ግንድ የለውም ማለት ይቻላል። አበባውን ከመሬት ከፍ አድርጎ የያዘውና ግንድ የሚመስለው የአበባው ቱቦ ነው፤ ርዝመቱ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ማህፀኑ ታች፣ በቅጠሎቹ መሀል፣ ከሪዞሙ (አግድም ከሚያድገው ወፍራም የሥር ግንድ) አጠገብ ተደብቋል። አንድ አበባ ይሠዉና ከላይ እስከ ታች በምላጭ ለሁለት ይሰንጥቁት፤ ቱቦው ክፍት ሆኖ በውስጡ አንድ ቀጭን ክር ሲወርድ ያያሉ። ሉቴሴንስ ግን እውነተኛ ድፍን ግንድ አለው። ግንዱ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ማህፀኑ ግንዱ ጫፍ ላይ ከአበባው ሥር ይቀመጣል፤ ቱቦውም አጭር፣ ከ2 እስከ 3.5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። አበባው ካለፈ በኋላም ልዩነቱ አይጠፋም፦ የፑሚላ ፍሬ አፈሩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ይበስላል፣ የሉቴሴንስ ፍሬ ግን በግንዱ አናት ላይ ቆሞ ይታያል።

ከእነዚህ ሁለቱ ጋር የሚምታቱ ሌሎችም አሉ። አቲካ የግሪክና የቱርክ ተራሮች ተክል ነው፤ የፑሚላ አነስተኛ አምሳያ ይመስላል፣ ቅጠሉ ቀጭንና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ፕሱዶፑሚላ የሲሲሊ፣ የደቡብ ጣሊያንና የማልታ ነው። ሱዋቬኦሌንስ ከሩማንያና ከቡልጋሪያ እስከ ቱርክ ይገኛል፤ መለያው የአበባውን ሥር እንደ ሰገባ የሚያቅፉት አረንጓዴ ቅጠሎች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ እንደ ጀልባ ወለል ሹል እጥፋት አለ። የባልካኑ ራይኸንባኪም ይኸው የሾለ ሰገባ አለው፣ ግን ግንዱ ረዘም ያለ ሲሆን አንድ ወይም ሁለት አበባ ያወጣል። አፊላን ለመለየት ደግሞ ግንዱን ማየት በቂ ነው፤ ከመካከሉ በታች፣ አንዳንዴም ከመሬቱ ጀምሮ፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ቅጠሉም በብርዱ ወቅት ሙሉ በሙሉ ይደርቃል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የፑሚላ ሕዋስ 32 ክሮሞሶም አለው (ጥቂት ከፍና ዝቅ የሚሉ ዕፅዋት ቢኖሩም)፣ አቲካና ፕሱዶፑሚላ 16፣ ሉቴሴንስ 40፣ ሱዋቬኦሌንስና ራይኸንባኪ 24 (ራይኸንባኪ ባለ 48ም አለው)፣ አፊላ አብዛኛውን ጊዜ 48፣ ዛሬ የሚሸጡት ረጃጅም ባለጢም አይሪሶች 48። እነዚህን ቁጥሮች በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ የሚጠቅመው ቁጥሮቹ ከሁለት ዓይነት ስብስብ መገንባታቸውን ማወቅ ነው። አንደኛው የ8 ስብስብ ነው፤ የአቲካ ወገን እንበለው። ሁለተኛው የ12 ስብስብ ነው፤ የረጃጅሞቹ ወገን። ፑሚላ አራት የ8 ስብስቦች አሉት፤ ከአቲካና ከፕሱዶፑሚላ መሰል ወላጆች ዲቃላ በእጥፍ ተባዝቶ እንደተገኘ የክሮሞሶም ጥናቶች ያመለክታሉ። ረጅሙ አይሪስ አራት የ12 ስብስቦች አሉት። ሉቴሴንስ ሁለት የ8 እና ሁለት የ12 ስብስቦች አሉት፤ በተፈጥሮ የተሠራ የሁለቱ ወገኖች ዲቃላ ነው ማለት ነው።

አንድ ተክል ብናኝ ወይም ዕንቁላል ሲሠራ ክሮሞሶሞቹ ከአምሳያቸው ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው ከዚያ ይከፈላሉ፤ ስለዚህ ብናኙ ወይም ዕንቁላሉ የሚይዘው ግማሹን ነው። ጥንድ ያጣ ክሮሞሶም እንደ ዕድሉ ወደ አንዱ ጎን ይወድቃል ወይም ይጠፋል፤ ያ ብናኝ ወይም ዕንቁላልም ብዙ ጊዜ ይሞታል። የእርስዎን ዲቃላ በዚህ ይመርምሩት። ከፑሚላ 16 መጣ፣ 8 ሲደመር 8። ከሉቴሴንስ 20 መጣ፣ 8 ሲደመር 12። ልጁ 36 ሆነ፦ ሦስት የ8 ስብስቦችና አንድ ብቸኛ የ12 ስብስብ። አስራ ሁለቱ ክሮሞሶሞች አቻ የላቸውም። ተክሉ ጤነኛ ነው፣ ያብባል፣ ሪዞሙም ይባዛል፤ ብናኙ ግን አብዛኛው ባዶ ነው። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል፤ በደረቅ ቀን የተከፈተ ብናኝ ያዥ ጣት ላይ ዱቄት ካልተወ፣ ቀጭንና የተጨማደደ ከሆነ፣ የመካን ተክል ምልክት ነው።

ታዲያ የትኛው መንገድ ወደ ፍሬያማ ልጅ ይወስዳል? ፑሚላን ከረጅሙ ባለ 48 ጋር ያዳቅሉ። ከረጅሙ 24 ይመጣል፣ 12 ሲደመር 12፤ ከፑሚላ 16፣ 8 ሲደመር 8። ልጁ 40 ይሆናል፤ አስራ ሁለቱ ከአስራ ሁለቱ፣ ስምንቱ ከስምንቱ ይጣመራሉ፣ የሚተርፍ የለም። ሁለት እጅግ የተራራቁ ወላጆች ከሁለት ተቀራራቢ ድንኮች የተሻለ ፍሬያማ ልጅ መውለዳቸው መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ይላል፣ ነገር ግን «መደበኛ ድንክ» የሚባለው ምድብ ዘመናዊ አይሪሶች በአብዛኛው የቆሙት በዚህ ስሌት ላይ ነው። አሜሪካውያኑ ፖል ኩክና ጌዲስ ዳግላስ ይህን ማዳቀል በሰፊው ሠርተውበት፣ የኩክ «ግሪን ስፖት» በ1951 ለገበያ ቀረበ። ቁመታቸው ከ20 እስከ 38 ሴንቲሜትር ለሆኑት ለእነዚህ አይሪሶች የሚሰጠው ሜዳሊያ እስካሁን በሁለቱ ስም ይጠራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት አንድ ወጥመድ አለ። ረጅሙ ወላጅ ባለ 48 መሆን አለበት። ጥንታዊዎቹ ዓይነቶች፣ በተለይ ግንደ ቀጭንና አበባቸው አነስ ያለ፣ ብዙዎቹ ባለ 24 ናቸው። እንዲህ ያለው ከፑሚላ ጋር ሲዳቀል 12 ሲደመር 16፣ ማለትም 28 ይወጣል፤ አስራ ሁለቱ ብቸኛ ናቸው፣ እንደገና መካን። ዕድሜው የማይታወቅ ከጎረቤት የተገኘ ረጅም አይሪስ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ስሙ የሚታወቅና ከቅርብ አሥርት ዓመታት የወጣ ትልቅ አበባ ያለው ይሁን።

ሉቴሴንስዎንም አይጣሉት። ከፑሚላ ይልቅ ከመደበኛ ድንክ ጋር ያጣምሩት። ሁለቱም ባለ 40 ናቸው፣ ሁለቱም 8 ሲደመር 12 ያወጣሉ፤ ልጆቻቸው በአመዛኙ ያፈራሉ። የብርዱ ወቅት ለስላሳ በሆነበት አካባቢ ይህ የተሻለው መንገድ ነው ባይ ነኝ፤ ፑሚላ የምሥራቅ አውሮፓ ደረቅ ሜዳ ተክል ስለሆነ ጥሩ ብርድ ካላገኘ አበባው ይሳሳል፣ የሜዲትራኒያኑ ሉቴሴንስ ግን ያን ያህል ብርድ አይጠይቅም። አፊላን በፑሚላ ማዳቀልም 24 ሲደመር 16፣ 40 ይሰጣል፤ ቅርንጫፍና ብዙ እንቡጥ ያለው ትንሽ ተክል ለሚፈልግ መልካም ነው። ሉቴሴንስን ወይም መደበኛ ድንክን ከረጅሙ ጋር ማዳቀል 44 ያስገኛል፤ ለዓይን ያማሩ መካከለኛ ቁመት ያላቸው አይሪሶች ናቸው፣ ለቀጣይ ማዳቀል ግን ብዙ ተስፋ አይጣልባቸው። መደበኛ ድንክ በፑሚላ ሲዳቀል ደግሞ እንደ እርስዎ ዲቃላ ባለ 36 ነው፤ ከ20 ሴንቲሜትር የማይበልጡት ጥቃቅኖቹ ብዙዎቹ ከዚህ ይመጣሉ፣ አንዳንዶቹም አልፎ አልፎ ዘር ይሰጣሉ። ስለዚህ የእርስዎን ባለ 36ዎች ከመንቀል በፊት ለአንድ ወቅት የመደበኛ ድንክ ብናኝ ያቅምሷቸው። ከሃያ አበባ አንድ ፍሬ፣ ከፍሬውም ሁለት ዘር ቢገኝ ትርፍ ነው።

ፑሚላና ረጅሙ በአንድ ጊዜ አያብቡም፤ ፑሚላ ሳምንታት ይቀድማል። መፍትሔው ብናኙን ማቆየት ነው። አበባው በተከፈተበት ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ሦስቱንም ብናኝ ያዦች በወረንጦ ይንቀሉ። በወረቀት ላይ ዘርግተው ፀሐይ በማይነካው ደረቅ ክፍል ለአንድ ቀን ይተዉአቸው፤ ተከፍተው ዱቄቱ ሲታይ በትንሽ የወረቀት ከረጢት ጠቅልለው የዝርያውን ስምና ቀን ይጻፉበት። ከረጢቶቹን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ብልቃጥ ውስጥ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት ከሚመጥ ማድረቂያ) ጋር አድርገው በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ። ለጥቂት ሳምንታት በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይበቃል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ከሆነ በረዶ ክፍል ይግባ። ብናኝን የሚገድለው ከሁሉ በላይ እርጥበት ነው። ብልቃጡ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል ክዳኑን አይክፈቱ፤ አለዚያ ጤዛ ውስጡ ይይዛል። ሳይደርቅ በላስቲክ የታሸገ ብናኝም በሁለት ሦስት ቀን ይሻግታል።

እናት የምትሆነው ረጅሟ ብትሆን ይመረጣል፤ ፍሬዋ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ትልቅም ነው። በተቃራኒው ከተሠራ የረጅሙ ብናኝ በፑሚላ ረጅም ቱቦ ውስጥ ያን ሁሉ ሴንቲሜትር ወርዶ ማህፀኑ ላይ መድረስ አለበት። ይቻላል፣ ግን ለምን ሥራ ያበዛሉ?

የእናቲቱን አበባ ሊከፈት በተቃረበ እንቡጥ ጊዜ ይያዙ። የተንጠለጠሉትን ሦስት ቅጠለ አበባዎች ይቁረጡ፤ ንብ የምታርፍባቸው እነሱ ስለሆኑ፣ ማረፊያ ካጣች አትገባም። ብናኝ ያዦቹንም ያውጡ። በአበባው መሀል የሚታዩት ሦስቱ የሴቴ አካል ክንዶች ናቸው። በእያንዳንዳቸው ታችኛ ገጽ፣ ከጫፉ ሁለት ክንፎች ዝቅ ብሎ፣ ቀጭን የከንፈር ቅርጽ ያለው እጥፋት አለ። ብናኝ የሚቀበለው ይህ ከንፈር ብቻ ነው፤ ክንፉ ላይ የተቀባ ብናኝ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። ከንፈሩ ሲደርስ ከክንዱ ለቅቆ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ትንሽም ያበራል። ገና ከተጣበቀ ጥቂት ሰዓት ወይም እስከ ማግስቱ ይጠብቁት። ብናኝ ያዡን በወረንጦ ይዘው ዱቄቱን በከንፈሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጥረጉት፤ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ እንኳ ቢቀቡ ፍሬ ሊያዝ ይችላል፣ ሦስቱንም መቀባት ግን የዘሩን ብዛት ያሳድጋል። ዝናብ ሊጥል ሲል አይሥሩ፤ ውኃ የነካው ብናኝ ይፈነዳል። ኃይለኛ ሙቀት ባለበት ቀን ደግሞ በጠዋት ይጨርሱት።

ወዲያውኑ ከአበባው ሥር መለያ ይሰሩ፤ እናት በግራ፣ አባት በቀኝ፣ ቀን ከታች። በእርሳስ ይጻፉ፣ የእስክርቢቶ ቀለም ፀሐይ ይበላዋል።

ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ማህፀኑ አረንጓዴ ሆኖ ካበጠ ይዟል፤ ቢጫ ሆኖ ከረገፈ አልያዘም። ፍሬው ለመብሰል ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይወስዳል። ጫፉ ቡናማ ሆኖ መሰንጠቅ ሲጀምር ይቁረጡት። እናቲቱ ፑሚላ ከሆነች የበለጠ ይጠንቀቁ፤ ፍሬው ከቅጠል ሥር ስለሆነ ሳይታይ ተከፍቶ ዘሩ ይበተናል፣ እርጥብ አፈር ከነካውም ይበሰብሳል። ዙሪያውን ሸካራ አሸዋ ያልብሱት፣ አጠገቡም እንጨት ይትከሉ።

ከሩቅ ማዳቀል የተገኘ ፍሬ ከውጭ ወፍራም ሆኖ ውስጡ ጥቂት ዘር ብቻ ቢኖር አይገረሙ። ሲጫኑት የሚጎደጉድና ክብደት የሌለው ዘር ባዶ ነው፤ ፅንሱን የሚመግበው ክፍል ሳያድግ ቀርቷል። ፅንሱን ሳይሞት አውጥቶ በንጥረ ነገር ጄል ላይ ማሳደግ ይቻላል፣ ግን ፍጹም ንጹሕ የሆነ የሥራ ቦታና ልምድ ይጠይቃል። ከላይ ለተጠቀሱት ባለ 40 ጥምረቶች አያስፈልግም።

የአይሪስ ዘር ቶሎ አይበቅልም፤ ሽፋኑ ውስጥ መብቀልን የሚከለክል ንጥረ ነገር አለ፣ ብርድም ይፈልጋል። ዘሩን ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውኃ ውስጥ ይንከሩትና ውኃውን በየቀኑ ይለውጡ። ከዚያ በእርጥብ (ግን በማይንጠባጠብ) አሸዋ ወይም ፐርላይት (ቀላል፣ ውኃ የሚይዝ ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) ጠቅልለው ከ8 እስከ 12 ሳምንት በማቀዝቀዣ በ4 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩት። በየሁለት ሳምንቱ ገልጠው ይመልከቱ፤ ሻጋታ የያዘውን ያውጡ፣ ነጭ ሥር ያወጣ ካለ ወዲያው ይትከሉ። አፈሩ እኩል እኩል የሆነ ኮምፖስትና ሸካራ አሸዋ ይሁን፣ ጥልቀቱ 1 ሴንቲሜትር፣ ሙቀቱ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ። ብርዱ ጠንካራ በሆነበት አገር ሁሉንም ትቶ ከብርዱ ወቅት በፊት ውጭ በእቃ መዝራት ይቀላል፤ ብርዱ ሥራውን ይሠራል።

ችግኞቹ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ሲደርሱ፣ ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ በሚያገኝና ውኃ በማይቋጥር መሬት ላይ በ20 ሴንቲሜትር ርቀት ይተከሉ። ሪዞሙ ጀርባው ከአፈር በላይ ይታይ። የናይትሮጅን ማዳበሪያ አያብዙ፤ ለስላሳ ቅጠል ለባክቴሪያ ብስባሽ በር ይከፍታል። የሚሸትና የሚልፈሰፈስ ሪዞም ካዩ ጤናማው ነጭ ሥጋ እስኪገኝ ድረስ በማንኪያ ፍቀው ፀሐይ እንዲያገኘው ይተዉት። በደንብ የተያዙት በሁለተኛው ዓመት ያብባሉ፣ የቀሩት በሦስተኛው።

የመጀመሪያው ትውልድ ልጆች ተመሳሳይ መሆናቸው ብዙዎችን ያሳዝናል፤ አብዛኞቹ ከፑሚላ የወረሱትን በተንጠለጠለው ቅጠለ አበባ ላይ ያለውን ጥቁር ወይም ጥላማ ነጠብጣብ ያሳያሉ። ሮዝና ብርቱካናማው ቀለም፣ እንዲሁም በነጭ ላይ የተሰፋ የሚመስለው የጠርዝ ጌጥ፣ ድብቅ ባሕርያት ናቸው፤ በዚህ ትውልድ አይጠብቋቸው። ከመካከላቸው ሁለት ጠንካራ ወንድማማቾችን መርጠው እርስ በርስ ያዳቅሉ። ልዩነቱ የሚወጣው በሁለተኛው ትውልድ ነው፤ ከ50 ያላነሰ ችግኝ ከሌለ ምርጫ ማለት ከንቱ ነው።

ሲመርጡ አበባውን ብቻ አይመልከቱ። አበባው ከቅጠሉ በላይ ይቁም፣ ግንዱም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ እንቡጥ ይያዝ፤ ፑሚላ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ስለሚያወጣ፣ ይህን የወረሰ ልጅ ሁለት ቀን አብቦ ያልቃል። ቁጥቋጦው መሀሉ ቶሎ የሚሞት ከሆነ ያንን የፑሚላ ድክመት ወርሷል፤ በየ2 ወይም 3 ዓመቱ መከፋፈል ይጠይቃል። በመጀመሪያው አበባ ተመርቶ አንዱንም ማስወገድ አይገባም፣ ምክንያቱም የወጣት ተክል የመጀመሪያ ግንድ ብዙ ጊዜ አጭርና አበባውም ጎደሎ ነው። ያልበቀለ ዘር የቀረበትን እቃም አይድፉት፤ የአይሪስ ዘር በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመትም ይበቅላል፣ ከሩቅ ማዳቀል የመጣው በተለይ።